ልጄ ከሰው ፊት ተነስቶ ታብሌት ፊት ስለመቀመጡ የቀረበ ቅሬታ

ለንግግር ሕክምና ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። ዳውን ሲንድረም ያለበት የ16 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ እናንተ ጋ ይመጣል።

መጀመሪያ ላይ ባለሙያዋ ከልጄ ጋር ጉልበት ለጉልበት ተቀምጣ ነበር የምትሠራው። ከንፈሯን ገጥማ «ማ» ትላለች፤ እሱም አፏን እያየ ይደግማል። ቀጥሎ መስታወት ፊት አብረው ይሞክሩታል። «ውሃ» ሲላት «ውሃ ስጪኝ» ብላ ትመልስለታለች፤ እሱም እየተጎተተም ቢሆን «ውሃ ስጪ» ይላል። ታናሽ እህቱ ሳትቀር ለምዳው ቤት ውስጥ ታሠራው ነበር።

ከክረምት ወዲህ ግን ይህ ሁሉ ቀረ። አሁን ማዳመጫ ተደርጎለት ታብሌት ፊት ይቀመጣል። ታብሌቱ ሥዕል ያሳይና ስሙን በእንግሊዝኛ ይጠራል። የሚናገር ፊት የለበትም። ባለሙያዋ በዚያው ሰዓት ሌሎች ልጆችን ትከታተላለች። ክፍያው ግን ያው የግል ክፍለ ጊዜ ክፍያ ነው። ባለፈው በበሩ መስታወት አየሁት። ታብሌቱ ሲናገር ልጄ ዞር እያለ የባለሙያዋን አፍ ይፈልግ ነበር።

ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ብዙ ልጆች ከሰሙት ይልቅ ያዩትን እንደሚይዙ የነገረችኝ የእናንተው ባለሙያ ናት። ብዙዎቹ ጆሯቸው ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ በደንብ አይሰሙም። የከንፈርና የምላስ ጡንቻቸውም ላላ ያለ ነው። ታዲያ ድምፅ ብቻውን ምን ያደርግለታል? መ፣ በ እና ፈ ከንፈር ላይ ስለሚታዩ አይቶ ይደግማቸዋል። ቀ እና ገ ግን ከአፍ ወደ ኋላ ስለሚፈጠሩ አይታዩም። እነሱን አጠገቡ ሆኖ ቀስ እያለ የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል። ታብሌቱ በሚያወራው እንግሊዝኛ ደግሞ ጠ፣ ቀ፣ ጨ የሚባል ድምፅ የለም። ልጄ ሱቅ ሄዶ የሚጠይቀው «ጨው» ነው፤ ታክሲ ውስጥ የሚለው «ወራጅ» ነው።

ለምን እንደተቀየረ ስጠይቅ «ዕድሜው ገፍቷል፣ ራሱን ችሎ ይለማመድ» ተባልኩ። ይህ በጣም አሳዝኖኛል። ልጄ የሚናገረው ጥቂት ቢሆንም የሚገባው ብዙ ነው። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ወጣቶች በጉርምስናም ሆነ ከዚያ በኋላ ንግግራቸው ይሻሻላል፣ የሚያሠራቸው ሰው ካገኙ።

ስለዚህ የፊት ለፊቱ ሥራ እንዲመለስለት እጠይቃለሁ። ቃላቱ በየቀኑ የሚያስፈልጉት የአማርኛ ቃላት ይሁኑ። ጆሮውን እንዲመረመር ወደ ሐኪም የሚላክበት ወረቀት ይጻፍልኝ። እኔም ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ልይ፤ ካላየሁ ቤት ውስጥ ምን ላሠራው? የግል ክፍለ ጊዜ ተብሎ ከፍዬ ያልተሰጠው አገልግሎት ሒሳብም ይመለስልኝ።

መልሳችሁን እስከ ወሩ መጨረሻ በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የልጁ እናት