ኪሳችሁን ላሳያችሁኝ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ! ደውላችሁ ያላነሳሁላችሁ፣ መልእክት ልካችሁ ዝም ያልኳችሁ ብዙ ናችሁ። ኩራት አይደለም፤ በዛብኝ። የሙሉ ፕሮፌሰርነት ማዕረጌ መጽደቁ ከተሰማ ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። ለእያንዳንዳችሁ ልመልስ ብዬ ጀምሬ አልሆን ሲለኝ፣ እዚሁ በአደባባይ ሁላችሁንም ላመስግን ብዬ ተነሳሁ። ረዘም ሊል ይችላል። አስተማሪ አሳጥሮ መናገር መቼ ያውቅበታል!

ቅዳሜ ከሰዓት በጣና ሐይቅ ዳር ያደረጋችሁልኝን አልረሳውም። የሥራ ባልደረቦቼ እንደሚመጡ አውቅ ነበር፤ መጡም፣ ይባረኩ። ከገበያ የመጣችሁት ግን አስደነገጣችሁኝ። በቅዳሜ፣ ገበያው በሚደራበት ቀን፣ ሱቅ ዘግቶ መምጣት ምን ያህል እንደሚያስከፍል እኔ አውቃለሁ። ስጠይቃችሁ የኖርኩት ይህንኑ አይደል! ጋቢ ያለበሱኝ አባት፣ ምርቃትዎ ይድረሰኝ፤ እድሜዎን ያርዝመው።

«ግን ይሄ ሰውዬ የሚያጠናው ምንድን ነው?» ስትባባሉ ሰምቻለሁ። የማስተምረው ፋይናንስ ነው። የማጠናው ደግሞ ዋጋ እንዴት እንደሚወጣ ነው። ሻጭና ገዢ ተገናኝተው አንድ ቁጥር ላይ እስኪስማሙ ምን እንደሚያስቡ፣ ሼር (አክሲዮን፣ ማለትም የአንድ ድርጅት ድርሻ) የገዛ ሰው ደግሞ ዋጋው ሲወጣና ሲወርድ ምን እንደሚያደርግ። በውጭ አገር ይህን የሚያጠና ሰው መረጃ አይቸግረውም። ቴራንስ ኦዲን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጥናት የ10,000 የአክሲዮን ደንበኞችን የግብይት መዝገብ ከአንድ ደላላ ድርጅት ወስዶ ነው የሠራው። ማንንም ቡና ላይ አስቀምጦ መለማመጥ አላስፈለገውም። ሰዎቹ ያተረፈላቸውን ሼር ቶሎ እየሸጡ የከሰረባቸውን ታቅፈው እንደሚቀመጡ ከመዝገቡ ላይ አነበበው። ሼፍሪንና ስታትማን የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1985 ያነሱትን ነገር በቁጥር አሳየ።

እኛ ጋ መዝገቡ ከየት ይምጣ? በጃንሆይ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የአክሲዮን ግብይት ከአብዮቱ በኋላ ቀረ። ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ የግል ባንኮች ሲመጡ ሼር መግዛት ተጀመረ፤ መሸጫው ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሰው በሰው ነበር። ገዢ ይፈለጋል፣ ይከራከሩታል፣ ውልና ማስረጃ ይኬዳል፣ አለቀ። ስንት እንደተሸጠ የትም አይለጠፍም ነበር። ስለዚህ የእኔ መዝገብ እናንተ ናችሁ።

እናንተ ደግሞ ስለ ገንዘብ አትናገሩም! ገበሬውን ስንት ከብት አለህ ብትለው «እግዜር የሰጠኝን ያህል» ይልሃል። ከተማ የገባውም ያው ነው። መጀመሪያ መጠይቅ ይዤ ስዞር ግማሹ ሰው የገቢዎች ሠራተኛ መስዬው በሩን ሊዘጋብኝ ምንም አልቀረው። ሰላምታ አይነፈገኝም፣ ቡናም አይነፈገኝም፤ ቁጥር ላይ ስንደርስ ግን ወሬው ወደ ዝናቡ ይዞራል። ለዚህ ነው ዛሬ የማመሰግነው በዋናነት የነገራችሁኝን ሰዎች የሆነው። ያተረፈ ሰው ትንሽም ቢሆን ያወራል። የከሰራችሁትን የነገራችሁኝ ግን ውለታችሁ ከባድ ነው።

ጡረታ የወጡት መምህርት፣ እትዬ፣ ስማቸውን እንዳልጠራ አስጠንቅቀውኛል። ቤታቸው ስሄድ ቡና አፈሉ። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ተነስተው ከቁም ሳጥን ውስጥ አንድ ፌስታል አወጡ። በፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል አለ፤ በሱ ውስጥ በነጠላ ቅዳጅ የታሰረ የሼር ሰርተፊኬት። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የገዙት ነው። የትርፍ ድርሻው በየዓመቱ ሲመጣ አይነኩትም፤ ባንኩ ካፒታል ሲያሳድግ ተጨማሪ ሼር ይገዙበታል። «ዛሬ ቢሸጡት አንዱ ስንት የሚያወጣ ይመስልዎታል?» አልኳቸው። ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉና «ይኸው ተጽፎ የለም እንዴ፤ አንድ ሺህ» አሉኝ።

ያቺ ጣት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፈችልኝ። ካህነማንና ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1974 ሰው መጀመሪያ ያየው ቁጥር ላይ ሐሳቡ ተቸክሎ እንደሚቀር ጽፈዋል። እኔም ሳስተምረው የኖርኩት ነገር ነው፤ እንደዚያን ቀን ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ወረቀቱ ላይ የታተመው ሼሩ በመጀመሪያ የተሸጠበት ዋጋ ነው። ከዚያ ወዲህ ባንኩ አድጓል፣ ብር ረክሷል፣ ስንቱ ተለዋውጧል። እሳቸው ጋ ዋጋው አንድ ሺህ ነው።

ይሁንና እትዬ ሞኝ ናቸው የሚለኝ ካለ አልስማማም። ቤናርትዚና ቴለር የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1995 እንደጻፉት ዋጋ ቶሎ ቶሎ የሚያይ ሰው ኪሳራውም ቶሎ ቶሎ ስለሚታየው ያመዋል፣ ይሸሻል። አልፎ አልፎ የሚያየው ችሎ ይቆያል። እትዬ ጭራሽ አያዩትም። ስለዚህ አልደነገጡም፣ አልሸጡም፣ ትርፉ በትርፍ ላይ ተደራረበላቸው። ኒውዮርክ ያለ ሼር ገዢ በየደቂቃው ስልኩን እያየ የሚያጣውን እንቅልፍ እሳቸው ተኝተውታል። ክፋቱ፣ አንድ ቀን ችግር ቢመጣና ልሽጥ ቢሉ ስንት ማለት እንዳለባቸው አያውቁም። ገዢው ግን ያውቃል። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

አንድ ወንድሜም አለ። ባጃጁን ሸጦ ብሩን በስልክ በመጣ «ኢንቨስትመንት» ውስጥ ያስገባ። በሳምንት ይሄን ያህል ታገኛለህ ተብሎ፣ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ትንሽ ተከፍሎት፣ በኋላ ሁሉም የጠፋበት። ለሚስቱ እንኳ ያልነገረውን ለኔ ነገረኝ። «መውጣት የምትችልበት ጊዜ አልነበረም ወይ?» ስለው «ነበረ፤ ግን ያስገባሁትን ሳላስመልስ እንዴት ብዬ ልውጣ?» አለኝ። ካህነማንና ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ጽሑፍ የማጣት ሕመም ከማግኘት ደስታ እንደሚበልጥ፣ ሰውም ያጣውን ላለማመን ሲል የባሰ አደጋ ውስጥ እንደሚገባ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ሕመሙ ከደስታው 2.25 እጥፍ ገደማ እንደሚሆን ገምተዋል። ለተማሪዎቼ ቀመሩን ጽፌ ሳበቃ የምነግራቸው የሱን ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል። ለሚስቱም ነግሯታል፤ ቅዳሜ አብረው መጥተው ነበር፣ ክትፎውንም አልማሩትም።

ዓሣ አስጋሪዎቹንስ በምን ልካሳችሁ? ወደናንተ የመራኝ አንድ ጥናት ነው። ሮበርት ጄንሰን የተባለ ኢኮኖሚስት በሕንዷ ኬረላ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 ሞባይል ስልክ ሲገባ የሰርዲን ዋጋ ምን እንደሆነ ተከታትሎ በ2007 አሳተመ። ስልክ ከመምጣቱ በፊት አንዱ ዳርቻ ላይ ገዢ ጠፍቶ ዓሣ ይደፋል፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላው ዳርቻ ላይ ዓሣ ጠፍቶ ገዢው ባዶ እጁን ይመለሳል። ስልክ ሲመጣ አስጋሪው ባሕር ላይ ሆኖ እየደወለ ዋጋ ወዳለበት መሄድ ጀመረ። በየዳርቻው ያለው የዋጋ ልዩነት ጠበበ፤ የአስጋሪው ትርፍ 8 በመቶ ጨመረ፤ ሸማቹም ዋጋው 4 በመቶ ቀነሰለት። ሲያነቡት ደስ ይላል። እኔም ጣና ላይ ልየው ብዬ ማለዳ ማለዳ ዳርቻው ላይ መቀመጥ ጀመርኩ።

ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ማለዳ በስንት እንደሚጀምር፣ ፀሐይ ሲከር በረዶ የሌለው ሰው እንዴት እጁን እንደሚሰጥ፣ ሁዳዴ ሲገባ ፈላጊው እንዴት እንደሚበዛ፣ አምባዛን ማን ወዶ ማን እንደሚሸሸው፣ እምቦጭ መረብ ሲያበላሽ ወጪው ማን ላይ እንደሚወድቅ ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ። ስለ ስልኩ ስጠይቅ አንዱ አስጋሪ ታንኳውን እየጎተተ የመለሰልኝን መልስ አልረሳውም። «ስልክማ ይኸው። ሌላው ጋ ዋጋው እንደሚሻል አውቃለሁ። መረቡን የገዛልኝ ግን ዓሣውን የሚረከበኝ ነጋዴ ነው፤ ለማን ልሸጥ?» ዋጋ ማወቅ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ዕዳ ያለበት ሰው የሚያውቀውን ዋጋ ማግኘት እንደማይችል ለዓመታት ካነበብኩት ሁሉ በላይ እሱ አስረዳኝ። በነገራችን ላይ ያን ቀን ዓሣውን በነፃ ካልሰጠሁህ ብሎ ተጣልተናል። ገንዘቡን ልጁ ኪስ ውስጥ ከትቼ ነው የሄድኩት።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበለው። መረጃ ልጠይቅ የሄድኩበት አንድ ባንክ «ደብዳቤ አምጣ»፣ ሳመጣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ ስመለስ «ደብዳቤው ጊዜው አልፏል» ሲለኝ በጓሮ በር ጠርቶ ሻይ የጋበዘኝ ጥበቃ፣ አንተንም አመሰግናለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ አዲስ አበባ ሆነህ ጽሑፎቹን እያወረድክ በፍላሽ በሰው እጅ የላክህልኝ ወዳጄ፣ ያለ አንተ የመጨረሻዎቹ ሥራዎች አይታሰቡም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳ ግቢ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ መብራት ሲሄድ በስልካችሁ ባትሪ መጽሐፍ ስትፈልጉልኝ አስታውሳለሁ።

ተማሪዎቼ! በየዓመቱ ፋማና ሺለር በተባሉት ሁለት የኢኮኖሚ ምሁራን ላይ ስትጨቃጨቁ ከናንተ በላይ የምደሰተው እኔ ነኝ። ፋማ፣ ገበያ ያለውን መረጃ ሁሉ ዋጋ ውስጥ ያስገባል ይላል፤ ሺለር ደግሞ የአክሲዮን ዋጋ ከትርፍ ድርሻው አንጻር ከሚገባው በላይ ይዋዥቃል ይላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የኖቤል ሽልማቱ ለሁለቱም፣ ሃንሰን ከተባለ ሌላ ምሁር ጋር፣ ተሰጠ። «ታዲያ ማን ልክ ነው?» ብዬ ስጠይቅ ከኋላ ወንበር «ሸላሚዎቹም አልወሰኑም ማለት ነው» ያለችው ልጅ ዛሬ ራሷ አስተማሪ ናት። እሷም ቅዳሜ ነበረች፤ አሁንም ከኋላ ነው የተቀመጠችው።

ባለቤቴን በተመለከተ፣ ቤታችን ውስጥ ገንዘቡን የምትይዘው እሷ እንደሆነች የምታውቁ ታውቃላችሁ። የፋይናንስ ፕሮፌሰር ሆነህ? ትሉኛላችሁ። አዎ፤ ማስረጃም አለኝ። ባርበር የተባለ ምሁርና ቅድም ያነሳሁት ኦዲን እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳተሙት ወንዶች ከሴቶች 45 በመቶ አብልጠው ሼር ይገዛሉ ይሸጣሉ፤ በዚህ መነካካት የተነሳ ወንዶቹ በዓመት 2.65 በመቶ ነጥብ፣ ሴቶቹ ግን 1.72 ብቻ ነው ከትርፋቸው የሚያጡት። እኔ ሳይንሱን አክብሬ ደመወዜን አስረክባለሁ። ሌሊት ስጽፍ ሻይ አፍልተሽ፣ ጠዋት «ትናንት የጻፍከውን አንብብልኝ፤ ካልገባኝ አልገባህም ማለት ነው» እያልሽ እዚህ ያደረስሽኝ አንቺ ነሽ። ኑሪልኝ።

ደግሞ ስለታገሳችሁኝ ላመስግናችሁ። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን ሼር፣ አንዱን በ300 ብር፣ ትንሹን 33 ሼር አድርጎ በቴሌብር ሊሸጥ ሲወጣ ያልጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ባጃጅ ውስጥ «ልግዛ?»፤ ሠርግ ላይ «ልግዛ?»፤ ኧረ ለቅሶ ቤት ሳይቀር! አስተማሪ ነኝ እንጂ ደላላ አይደለሁም ስላችሁ አንዳንዶቻችሁ ተቀየማችሁኝ፤ በኋላ ግን ይቅር ብላችሁኛል። ሽያጩ የካቲት ላይ ሲዘጋ ከ47,000 በላይ ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ገደማ ሼር ገዝተው ነበር። እናንተ ለምን ገዛችሁ፣ ያልገዛችሁትስ ለምን ተዋችሁት የሚለው ነው እኔን የሚያጓጓኝ።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሼር በይፋ የሚሸጥበትና የሚገዛበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል። ከአሁን በኋላ የሼር ዋጋ ቀስ በቀስ የሚታይ ነገር ይሆናል። እትዬ የሼራቸውን ዋጋ በልጃቸው ስልክ ሲያዩት ይሸጡ ይሆን? ወይስ ፌስታሉን መልሰው ያስሩታል? ማዕረጉ ደረሰ ብዬ አልቀመጥም፤ መጠይቄን ይዤ በራችሁን ላንኳኳ ነው። የገቢዎች ሰው አይደለሁም፣ ክፈቱልኝ።

የጥናቶቹን አጭር የአማርኛ ቅጂ እያዘጋጀሁ ነው። ሲያልቅ ገበያ ውስጥ በየሱቃችሁ አዞራለሁ፤ ማንበብ የማይመቻችሁ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ። በጥናቱ ውስጥ የማንም ስም የለም፣ አትስጉ። የቅዳሜውን ፎቶ የምትፈልጉ ፎቶ አንሺውን ልጅ ጠይቁት፣ ተከፍሎታል። ሁለት ጃንጥላ፣ አንድ የልጅ ጫማና ክዳን የሌለው ትልቅ ድስት ደግሞ እኛ ቤት ቀርቷል። የድስቱ ባለቤት ቶሎ ብትመጡ ጥሩ ነው፤ ባለቤቴ ወዳዋለች።