«ዛሬ ኦፕራሲዮን አላደርግዎትም» ላሉኝ ሐኪም፣ አብራችሁኝ ለቆማችሁም ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ቀን ያበቃኝ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን።

ኦፕራሲዮን ከሆንኩ ዛሬ 8 ሳምንት ሞላኝ። በየቤታችሁ ዞሬ እጅ መንሳት ነበረብኝ፤ ለሁላችሁም መድረስ ስላልቻልኩ እዚሁ ላመስግናችሁ።

ሕመሜ የማህፀን ዕጢ ነው፤ ሐኪሞቹ ማዮማ ይሉታል። ካንሰር አይደለም፤ የእኔው ግን ደሜን አፍስሶ ጨረሰኝ። 3 ዓመት ለማንም ሳልተነፍስ ቻልኩት። ልብስ ሰፊ ነኝና ለራሴ ጥቁር ቀሚስ ብቻ እየሰፋሁ ለበስኩ፤ ደንበኞቼ ሐዘን ላይ ያለሁ ይመስላቸው ነበር። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ «የዕድሜ ነው፣ ይተውሻል» ብለው ማስታገሻ ሰጥተው ሸኙኝ። እህቶቼ፣ እባካችሁ በዚህ ቃል ተጽናንታችሁ ቤት አትቀመጡ፤ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

ለኦፕራሲዮን በተቀጠርኩበት ቀን ልብሴን ቋጥሬ፣ ልጆቼን ስሜ ሄድኩ። የደሜ መጠን (ሄሞግሎቢን የሚሉት) ሲለካ 7.4 ሆነ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይተው፣ «እናቴ፣ ዛሬ ኦፕራሲዮን አላደርግዎትም። በዚህ ደም ከገቡ የሚያገግሙበት አቅም የለዎትም። መጀመሪያ ደምዎን እንሙላው» አሉኝ። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ተቀየምኳቸውም። ዛሬ የመጀመሪያው ምስጋናዬ ለእሳቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት 10 ሳምንታት ናቸው ያዳኑኝ ብዬ አምናለሁ። የደም መፍሰሱን የሚቀንስ መድኃኒትና የአይረን ክኒን ታዘዘልኝ። ቡናና ሻይ አይረኑን ሰውነት እንዳይወስደው ስለሚያግዱ፣ ክኒኑን በብርቱካን ጭማቂ እንድውጥ ነርሷ መከረችኝ። ጎረቤቶቼ የቡናውን ሰዓት ለእኔ ብላችሁ አዛወራችሁት፤ ቀላል ነገር አይደለም። አንቺ ደግሞ በየጠዋቱ 12 ሰዓት በሬን እያንኳኳሽ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያስኬድሽኝ ጎረቤቴ! በመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ መንገድ ሳንደርስ የመንገዱ ጠርዝ ላይ እቀመጥ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አላስቸኮልሽኝም። በመጨረሻ ዳርቻው ላይ ደርሰን አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው ፀሐይ ሲሞቁ አየን። ደሜም 10.9 ደረሰ።

ደም የሰጣችሁልኝ የልጄ ጓደኞች፣ ባጃጃችሁን አቁማችሁ፣ የቀን ገቢያችሁን ትታችሁ ነው የመጣችሁት። ውለታችሁን እናትነቴ አይረሳውም።

በኦፕራሲዮኑ ማግስት ጠዋት ነርሷ «እትዬ፣ ዛሬ እንነሳለን» ስትለኝ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ትራስ አጥፋ ሆዴ ላይ አደረገችና «ይህን አቅፈው ይሳሉ» አለችኝ፤ አክታ ሳንባ ውስጥ እንዳይተኛ ነው። ትራሱን ጫን አድርጌ ስል ሕመሙ በግማሽ ቀለለኝ። ደም እግሬ ውስጥ እንዳይረጋ ደግሞ መራመድ ነበረብኝ። እህቴ የሽንት ከረጢቱን ይዛ፣ ነርሷ ክንዴን ደግፋ፣ ከአልጋው እስከ በሩ 9 እርምጃ ሄድኩ።

ፋሻው ሲፈታ ስፌቱን አየሁት። 30 ዓመት ጨርቅ ሰፍቻለሁና አይቼ አውቃለሁ፤ ቀጥ ያለ፣ እኩል የተራራቀ፣ አንድም የተጎተተ ቦታ የሌለው። ያን የሰፋ እጅ ይባረክ።

ከባድ ነገር ለ6 ሳምንት እንዳላነሳ ስለታዘዝኩ ባለቤቴ ጀሪካን አላስነካኝም። የእድራችን እናቶች አጥሚቱንም ተልባውንም አላጓደላችሁብኝም፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ገብታችሁ ሳልደክም መውጣታችሁንም ልብ ብያለሁ። ከዓሣ ገበያው ከአሞራ ገደል በየሳምንቱ ዓሣ ያመጣልኝ ወንድሜን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዐቢይ ጾም ስለነበር እንቁላልና ወተቱ ከብዶኝ ሳለ የንስሐ አባቴ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ «ልጄ፣ ይህ መድኃኒትሽ ነው፤ ብዪ» አሉኝ። ያን ቀን ነው ልቤ ያረፈው።

ትናንት ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ። መጀመሪያ የጀመርኩት የራሴን ነው፣ ነጭ ቀሚስ። ለሐምሌ 19 ገብርኤል እለብሰዋለሁ፤ እስከዚያ ያላገኘኋችሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።

አክባሪያችሁ እህታችሁ፣
ከሐዋሳ