የምድር ወገብ የሚሞቀው ለፀሐይ ስለሚቀርብ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የምድር ወገብ አካባቢ ሞቃት፣ ዋልታዎቹ ደግሞ ቀዝቃዛ የሆኑት ለምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ «የምድር ወገብ ለፀሐይ ስለሚቀርብ ነው» የሚለው መልስ ዛሬም በጽሑፍም በቃልም ይሰጣል። መልሱ ስህተት ነው። እሳት ዳር የተቀመጠ ሰው ይበልጥ ስለሚሞቀው ነገሩ እውነት ይመስላል። አንዴ ከታመነ በኋላ ግን ስለ ወቅቶችም ሆነ ስለ ዋልታ በረዶ የሚሰጠውን ትምህርት ሁሉ ያዛባል። ስለዚህ ጉዳዩን በቁጥር አስደግፈን እንድናስረዳ ቦታ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።

ምድር ከፀሐይ በአማካይ 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከምድር እምብርት እስከ ገጽዋ ያለው ደግሞ 6,370 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምድር ወገብ ከዋልታው ይልቅ ለፀሐይ ቢቀርብ ብልጫው ከዚህ አያልፍም፤ በሚደርሰው ጨረር ላይ የሚያመጣው ለውጥም ከ10 ሺህ አንድ እጅ አይሞላም። ይህን የሚለካ ተራ ቴርሞሜትር የለም። በአንጻሩ የምድር ምህዋር ትንሽ ሞላላ በመሆኑ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ርቀቱ ወደ 147.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይወርዳል፣ ሰኔ መጨረሻ ገደማ ደግሞ ወደ 152.1 ሚሊዮን ይወጣል። ይህ የ5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ልዩነት የጨረሩን መጠን በ7 በመቶ ገደማ ይለውጠዋል። ሆኖም ምድር ለፀሐይ አብልጣ የምትቀርበው የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በብርድ በሚቆራመድበት ወር ነው። ርቀት ወሳኙ ምክንያት ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ወሳኙ ጨረሩ መሬት ላይ የሚያርፍበት ማዕዘን ነው። ከከባቢ አየር ውጭ፣ ፊቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ፀሐይ ላዞረ 1 ካሬ ሜትር ገጽ የሚደርሰው ኃይል 1,361 ዋት ያህል ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ይህ ኃይል 1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ ያርፋል። ከአድማስ በላይ 30 ዲግሪ ላይ ስትሆን ግን ያው ጨረር በ2 ካሬ ሜትር ላይ ይሰራጫልና እያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚያገኘው ግማሹን ነው። በምድር ወገብ ላይ የእኩለ ቀን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ66.6 ዲግሪ በታች አትወርድም፤ 1 ካሬ ሜትር የነበረው ጨረር ቢበዛ 1.09 ካሬ ሜትር ላይ ቢሰፋ ነው። በ60 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ግን ታኅሣሥ 12 ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ 6.6 ዲግሪ ብቻ ከፍ ትላለች፣ ጨረሩም 8.7 ካሬ ሜትር ላይ ይበተናል። የቀኑ ማጠር ሲታከልበት ልዩነቱ የበለጠ ይሰፋል።

ዘንበል ያለ ጨረር ሌላም ጉዳት አለበት። መሬት ከመድረሱ በፊት ብዙ አየር ያቋርጣል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የሚያቋርጠውን አየር 1 ብንለው፣ በ30 ዲግሪ 2 እጥፍ፣ በ10 ዲግሪ 5.6 እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ አድማስ ላይ ስትደርስ ወደ 38 እጥፍ ይጠጋል። በመንገዱ ላይ የሚዋጠውና የሚበተነው ጨረር በዚያው ልክ ይጨምራል።

እስካሁን ያለውን የሚቀበል ሰው አንድ ተገቢ ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል። ሰኔ 14 ገደማ በሰሜን ዋልታ ፀሐይ 24 ሰዓት ሙሉ አትጠልቅም። የዕለቱ አማካይ ሲሰላ ከከባቢ አየር በላይ ዋልታው በካሬ ሜትር 524 ዋት ገደማ ያገኛል፣ የምድር ወገብ ግን 385 ዋት ገደማ። በዚያ ቀን ዋልታው ይበልጣል ማለት ነው! ታዲያ ለምን አይሞቅም? ከደረሰው ውስጥ አብዛኛው አይቀርለትም። አዲስ በረዶ ከሚያርፍበት ብርሃን ከ80 እስከ 90 በመቶውን መልሶ ያንጸባርቃል፤ ክፍት የውቅያኖስ ውሃ የሚያንጸባርቀው 6 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። የቀረችው ኃይል ደግሞ ሙቀት ከመጨመሯ በፊት በረዶ በማቅለጥ ታልቃለች፦ 1 ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ የሚያስፈልገው 334 ኪሎ ጁል ያንኑ ውሃ ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያደርሰው ይችል ነበር። ከዚያም በኋላ ስድስት ወር ፀሐይ አልባ ጊዜ ይከተላል። በዓመት አማካይ የምድር ወገብ ከዋልታው ከ2 እጥፍ በላይ ጨረር ያገኛል፤ የአየር ጠባዩን የሚወስነውም ይኸው የዓመቱ ድምር ነው።

እንዲያም ሆኖ ዋልታዎቹ ከፀሐይ በሚያገኙት ብቻ ቢኖሩ ከዛሬው እጅግ በቀዘቀዙ ነበር። ሞቃታማው ቀጠና ወደ ጠፈር ከሚለቀው ሙቀት የሚቀበለው ይበልጣል፣ በዋልታዎቹ ደግሞ የሚለቀቀው ይበልጣል። ትርፉን ወደ ዋልታዎቹ የሚያደርሱት ነፋስና የውቅያኖስ የውሃ ጅረቶች ናቸው።

ማዕዘኑ ዋናው ምክንያት ነው ስንል ብቸኛው ነው ማለታችን አይደለም። ኪሊማንጃሮ ከምድር ወገብ 3 ዲግሪ ብቻ ወደ ደቡብ ርቆ ሳለ 5,895 ሜትር ከፍታው ላይ በረዶ አለ፤ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ይቀንሳልና። ደቡብ ዋልታ ከሰሜኑ በብርድ የሚብሰውም በከፊል በዚህ ነው፦ ሰሜኑ በባሕር በረዶ የተሸፈነ ውቅያኖስ ሲሆን ደቡቡ ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ብሎ በየብስ ላይ ተቀምጧል። በምድር ገጽ ላይ የተለካው ዝቅተኛው የአየር ሙቀት፣ ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1975 ዓ.ም. የተመዘገበውም እዚያው አንታርክቲካ፣ ቮስቶክ የምርምር ጣቢያ ነው።

የማዕዘኑን ነገር ተማሪዎች በዓይናቸው ቢያዩት ይሻላል። ብዙ ጊዜ የሚመከረው በእጅ ባትሪ ወረቀት ላይ ማብራት ነው፤ እኛ ግን አንመክረውም። የባትሪ ብርሃን እየራቀ ሲሄድ ስለሚሰፋ ወረቀቱ ሲያዘነብል የሩቁ ጫፍ ከልክ በላይ ይለጠጣል፣ ብርሃኑ የሚሸፍነው ስፋትም በ30 ዲግሪ ከሚጠበቀው 2 እጥፍ ያልፋል። የስልክ መብራትማ ጭራሽ ይብሳል። የራሷ የፀሐይ ጨረር ትይዩ ነውና እሱን መጠቀም ነው። ካርቶን ላይ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ በጥንቃቄ ይቆረጥ። ከቀዳዳው ጎን አንድ እርሳስ በካርቶኑ ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ጥላው ጠፍቶ እርሳሱ ሥር ሲገባ ካርቶኑ ፀሐይዋን በትክክል ገጥሟል ማለት ነው። በዓይን ፀሐይን አይቶ ማስተካከል አደገኛ ስለሆነ ፈጽሞ አይሞከር። ከካርቶኑ ጀርባ ባለ ካሬ ወረቀት ትይዩ ተደርጎ ሲያዝ 25 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብርሃን ይታያል። ወረቀቱ ከጨረሩ ጋር 30 ዲግሪ እስኪሠራ ሲያዘነብል ብርሃኑ 5 በ10 ይሆናል፣ ማለትም 50። ወረቀቱ ከቀዳዳው ከ10 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይራቅ፤ በዚህ ርቀት የብርሃኑ ጠርዝ የሚደበዝዘው በ1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ ከራቀ ግን ድብዝዙ ይሰፋና መለካት ያስቸግራል።

በቴርሞሜትር መቀጠል ለሚፈልግ፣ ሁለት ቴርሞሜትሮች በጥቁር ወረቀት ኪስ ውስጥ ገብተው አንዱ ፀሐይን ፊት ለፊት፣ ሌላው በ30 ዲግሪ ይቀመጥና ሩብ ሰዓት ይጠበቅ። ነፋስ ካለ ልዩነቱን ይዞት ይሄዳል። የሁለተኛው ንባብ የመጀመሪያው ግማሽ ይሆናል ብሎ መጠበቅም ስህተት ነው፤ በግማሽ የሚቀንሰው የሚደርሰው ኃይል እንጂ የዲግሪው ቁጥር አይደለም።

ጋዜጣችሁ ስለዚህ ጉዳይ ሥዕል ሲያወጣ ደግሞ አንድ ነገር እንጠይቃለን። ትንሽ ፀሐይ ከምድር አጠገብ ተስሎ ጨረሮቿ እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ሲታዩ፣ ጽሑፉ ያረመውን ሥዕሉ ያበላሸዋል። ምድር 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ብትኖራት ፀሐይ 1.09 ሜትር ሰፍታ 117 ሜትር ርቃ መሳል ይኖርባታል፤ ገጹ ይህን ስለማይችል ፀሐይዋን መተውና ምድርን የሚመቱትን ጨረሮች እኩል በተራራቁ ትይዩ መስመሮች ማሳየት ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጂኦግራፊና የፊዚክስ መምህራን