አባዬ፣ ሁለቱን ሸክላ አንድ አድርጌልሃለሁ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤

እንዴት ሰንብተሃል? ወገብህስ ተሻለህ? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው በስልክ «ከእንግዲህ ሙሉውን ቁጭ ብዬ መስማት አልቻልኩም፣ ግማሹ ላይ ጆሮዬ ይደክማል» ያልከኝን ሥራዬ ብዬ ይዤዋለሁ። የቢትልስን ነጩን አልበም ማለቴ ነው። 30 ዘፈን፣ 93 ደቂቃ ገደማ፣ አራት ሳይድ! የመስሚያ መሣሪያ ላደረገ ሰው ቀርቶ ለእኔም ይረዝማል። ስለዚህ ለአንድ ሸክላ የሚሆነውን መርጬ በፍላሽ ልልክልህ ነው። ምኑን እንዳስቀረሁና ለምን እንዳስቀረሁ ግን ቀድሜ ልንገርህ፤ አለዚያ አንዴ እንኳ ሳትሰማው መሳቢያ ውስጥ እንደምትወረውረው አውቃለሁ።

ደግሞ ድፍረት እንዳይመስልህ። ሐሳቡ የእኔ አይደለም፤ ፕሮዲዩሰራቸው ጆርጅ ማርቲን ራሱ ደካማ ደካማውን ጥለው አንድ በጣም ጥሩ ሸክላ እንዲያወጡ ነግሯቸው ነበር። አልሰሙትም። ከበሮ መቺያቸው ሪንጎ ለሁለት ተከፍሎ ለየብቻው ቢወጣ ይሻል ነበር ባይ ነው። ፖል ማካርትኒ ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ ይኸው ነገር ሲነሳበት፣ የቢትልስ ነጩ አልበም እኮ ነው፣ ዝም በሉ ብሎ ዘጋው። አንተም የምትመልስልኝ ይህንኑ ይመስለኛል።

ለነገሩ እንዲህ የበዛው ወድዶ አይደለም። በ1968 መጀመሪያ (በፈረንጆቹ ነው የምልህ) ሕንድ አገር ሪሺኬሽ፣ ማሃሪሺ ከሚባለው መምህር ዘንድ ሜዲቴሽን ሊማሩ ሄደው የዘፈን መዓት ይዘው ተመለሱ። ከአራቱ አንዱ ጆርጅ ሃሪሰን ቤት ተሰብስበው በቴፕ ቀዱት፤ ከዚያ ከሜይ መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ስቱዲዮ ገቡ። መጣላትም የጀመሩት እዚያው ነው። ጁላይ ላይ የድምፅ መሐንዲሳቸው ጄፍ ኤመሪክ በቃኝ ብሎ ሄደ። ኦገስት ላይ ሪንጎ ራሱ ለሁለት ሳምንት ያህል ጥሏቸው ወጣ። አንተ ሁልጊዜ «ሪንጎን ስሙት» የምትልበት የ«ባክ ኢን ዘ ዩ ኤስ ኤስ አር» ከበሮ የፖል ነው፣ ይቅርታ። «ዲር ፕሩደንስ»ም እንደዚያው።

አልበሙ የወጣው ኅዳር 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ጥለውት የተረፋቸው ነገር የለም እንዳትል፤ የሃሪሰንን «ኖት ጊልቲ» ከመቶ ጊዜ በላይ ደጋግመው ቀድተው ትተውታል፣ በፈረንጆቹ እስከ 1996 ድረስም በእነሱ ስም አልወጣም። «ሬቮሉሽን 9»ን ግን አስገቡት! ከስምንት ደቂቃ በላይ የሚሄድ ተቆራርጦ የተቀጠለ የቴፕ ድምፅ። ካሴት ላይ ሳለን በጣትህ ወደፊት ታስሮጠው ነበርና መጀመሪያ የወጣው እሱ ስለሆነ እንደማትቆጣ እገምታለሁ።

የምትቆጣው በ«ሄልተር ስኬልተር» ነው። አውቃለሁ። ግን ሐኪሙ ያለህን አስታውስ፤ ዕድሜ ሲገፋ ቀድሞ የሚሄደው ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ነው፣ ጩኸት ሲሆን ደግሞ በአንድ ጊዜ ከልክ በላይ ሆኖ ጆሮ ውስጥ ይፈነዳል። የመስሚያ መሣሪያውም ቅድሚያ የተሠራው ለንግግር ነው። ጸናጽሉና ጊታሩ ተጋግሎ ሲመጣ እጅህን ጆሮህ ላይ ስታደርግ አይቻለሁ። ስለዚህ መለኪያዬ አንተ ነህ፤ ዓለም የትኛውን ይወዳል አላልኩም። አንድ ድምፅና አንድ ጊታር ያለበትን አስቀደምኩ፣ የሚያንኳኳውን አስቀረሁ። «የር ብሉዝ» እና «በርዝደይ» በዚሁ ወጡ።

ስመርጥ ያስቸገረኝ መጣሉ አልነበረም፣ አሰላለፉ ነው። ጆን ሌነን፣ ፖልና ማርቲን ኦክቶበር 16 እና 17 ላይ 24 ሰዓት ያህል ተቀምጠው ነው ዘፈኖቹን በተራ የደረደሩት። ብዙዎቹ መሐል ክፍተት የለም፣ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይገባል። እያንዳንዱ ሳይድ አንድ የሃሪሰን ዘፈን አለው። እንስሳት ያሉባቸውን ሦስቱን አንድ ላይ አድርገዋቸዋል። አንዱን ነቅለህ ስታወጣ ጎረቤቱ ይጎድላል። ለምሳሌ የሩሲያውን ዘፈን፣ «ባክ ኢን ዘ ዩ ኤስ ኤስ አር»ን፣ ለጩኸቱ ልጥለው ፈልጌ ነበር፤ ግን የአውሮፕላኑ ድምፅ ሲርቅ «ዲር ፕሩደንስ» ካልገባ ፕሩደንስ ከየት መጣች ያሰኛል። ተወው።

የመጀመሪያው ሳይድ በነዚህ ሁለቱ ይጀምራል። ቀጥሎ «ኦብላዲ ኦብላዳ»። እኔ አልወደውም፣ ጆን ሌነንም ይጠላው ነበር ይባላል፤ እማዬ ግን ወጥ ስትሠራ የምታንጎራጉረው እሱን ነውና ከእሷ ጋር አላጣላህም። አባባሉን ፖል የሰማው ለንደን ከነበረ ጂሚ ስኮት ከሚባል ናይጄሪያዊ የኮንጋ ተጫዋች መሆኑን ንገራት፣ ደስ ይላታል። ከዚያ ጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን መጥቶ የተጫወተበት የሃሪሰን «ዋይል ማይ ጊታር ጄንትሊ ዊፕስ»፣ «ሃፒነስ ኢዝ ኤ ዋርም ገን»፣ «አይም ሶ ታየርድ»፣ ማብቂያው ላይ «ብላክበርድ»። እዚያ ላይ የምትሰማው ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር የፖል እግር ነው። ከኋላ የምትዘምረዋ ወፍ ግን ድምፅዋ ቀጭን ስለሆነ ላትሰማት ትችላለህ፤ መሣሪያው ተበላሸ ብለህ እንዳትፈታታው።

ሁለተኛው ሳይድ ረጋ ያለ ነው። «ማርታ ማይ ዲር» (ማርታ የፖል ውሻ ናት)፣ «ማዘር ኔቸርስ ሰን»፣ ማሃሪሺን የሚነካው «ሴክሲ ሴዲ»፣ «ሎንግ ሎንግ ሎንግ»። ይኸኛው ብቻ አስጨንቆኛል። ከሁሉ አብልጬ የምወደው ነው፣ ግን ሃሪሰን የሚዘፍነው በሹክሹክታ ነው፣ ከበሮው ደግሞ ድንገት ይመጣል። ለአንተ ከዚህ የከፋ የለም። ድምፁን በኮምፒውተር ትንሽ ከፍ አድርጌ ከበሮውን ዝቅ አድርጌልሃለሁ፤ ማርቲን ቢያየኝ ይገስጸኝ ነበር። መጨረሻው ላይ የሚንቀጠቀጠው ነገር ድምፅ ማጉያው ላይ የነበረ የወይን ጠርሙስ ነው፣ ኦርጋኑ ሲመታ አብሮ የጮኸ። ወድደውት ተዉት፣ እኔም ተውኩት።

ከዚያ ጆን ብቻውን ሆኖ ለሟች እናቱ የዘፈነው «ጁሊያ»፣ «ክራይ ቤቢ ክራይ»፣ በመጨረሻ «ጉድ ናይት»። በ90 ደቂቃ ካሴት ገልብጠህ ስታሰማን 93ቱ ደቂቃ አልበቃ ብሎ እሱ መሐል ላይ ቀጥ ይል ነበር፤ እኔ ልጅ ሆኜ ዘፈኑ እንዲያ የሚያልቅ ነበር የሚመስለኝ። አሁን እስከ መጨረሻው አለ። ጆን ለልጁ ለጁሊያን የጻፈው ነው፣ ሪንጎ ይዘፍነዋል፣ ከኋላ ኦርኬስትራ አለ።

14 ዘፈን፣ 42 ደቂቃ ገደማ። «ሄይ ጁድ»ም የዚያው ሰሞን ነው፣ ለምን የለም ትለኝ ይሆናል፤ መጀመሪያውኑ በአልበሙ ላይ አልነበረም፣ ለብቻው በነጠላ ነው የወጣው። ሰባት ደቂቃ ስለሚወስድም አልጨምረውም፣ አትለምነኝ።

ፍላሹን የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ ይዞልህ ይመጣል። ከመስማትህ በፊት የመስሚያ መሣሪያውን ያስገጠምክበት ቦታ ሄደህ ለሙዚቃ የሚሆን ማስተካከያ ካለው እንዲያበሩልህ ጠይቅ፤ ብዙዎቹ አላቸው፣ ካልጠየቁ ግን ማንም አይነግርም። የሚወጣና የሚገባ ካለ በጽሑፍ ላክልኝ። አንድ ስታስገባ አንድ ታወጣለህ፣ «ሄልተር ስኬልተር» ከሆነ ደግሞ ሁለት።

ልጅህ