ቤዝመንት ውስጥ ያለውንም ተከራይ አስቡት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሞርጌጅ (የቤት ብድር) መክፈል አቅቷቸው ቤታቸውን ስላጡ ወገኖቻችን የጻፋችሁትን አነበብኩ። ደግ አደረጋችሁ። ግን አንድ ሰው ረስታችኋል፤ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ውስጥ የሚኖረውን ተከራይ።

ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ሜሪላንድ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ አንድ ሐበሻ ቤት ቤዝመንት ተከራይተን ከነልጄ እንኖር ነበር። አከራያችን ታክሲ የሚነዱ ትልቅ ሰው ናቸው። ወለዱ የሚለዋወጥ ብድር ወስደው ክፍያው ከአቅማቸው በላይ ሆነ። አፍረው አልነገሩንም። እኛ ኪራያችንን በየወሩ በእጃቸው እንሰጣለን። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010፣ ያ ትልቅ በረዶ በጣለ ሰሞን፣ አንድ ሰው መጣና «ቤቱ ተሸጧል፤ በሁለት ሳምንት ልቀቁ» አለን። ለቀቅን። ልጄን ከትምህርት ቤቷ አስወጥቼ ዘመድ ሳሎን ውስጥ ሁለት ወር ተኛን። ቤቱ ከዚያ በኋላ ባዶውን ከረመ፤ ሳሩ መስኮት ደረሰ፤ ጎረቤቶቻችን ሲማረሩ እሰማ ነበር።

ከዓመት በኋላ ነው ያወቅኩት። ቤት በፎርክሎዠር (ብድሩ ባለመከፈሉ አበዳሪው ቤቱን ሲያሸጠው) ሲሸጥ ገዢው ለተከራዩ ቢያንስ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2009 ጀምሮ ነበር። የጊዜ ውል ያለው ደግሞ፣ ገዢው ራሱ ሊኖርበት ካልሆነ፣ ውሉ እስኪያልቅ ይቀመጣል። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ጊዜው አብቅቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ተመልሶ ቋሚ ሆኗል።

የእኛ ሰው የሚጎዳው ግን እዚህ ጋ ነው። ውላችን የቃል፣ ክፍያችን ካሽ ነው። «ያገሬ ልጅ» ተብሎም ኪራዩ ይቀነስልናል። ሕጉ የሚጠብቀው የአከራዩ ልጅ፣ ወላጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ያልሆነውን፣ ከገበያው ብዙ ያልራቀ ኪራይ የሚከፍለውን ነው። የቃል ውል 90 ቀኑን አያስቀርም። ግን መክፈልህን በምን ታሳያለህ? እባካችሁ ወገኖቼ፣ በቼክ ክፈሉ። አንድ ገጽም ብትሆን ውል ጻፉ። አከራዮችም፣ ነገሩ ሲከብዳችሁ ቶሎ ንገሩን። አናፍርባችሁም።

ሜሪላንድ ውስጥ ፎርክሎዠር ሲጀመር «ለነዋሪዎች በሙሉ» የሚል ፖስታ ይላካል። በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጀንክ ሜይል (የማይረባ የማስታወቂያ ፖስታ) መስሎት የሚጥለው አለ። ካውንቲዎቹ በአማርኛም እንዲያወጡት ጠይቁልን። እስከዚያው እናንተ ራሳችሁ የ90 ቀኑን ሕግ በአማርኛ አትሙልን፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም በር ላይ እኔ እለጥፈዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከሜሪላንድ