ሁለት በርሜል ውኃ

ዲላ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሚጡ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት እንደዚያው ነው። ዝናቡ ደህና ይዟል።

በቴሌግራም ድምፄን ልላክልሽ ብዬ ሁለት ጊዜ ጀምሬ አቋረጥኩት። ድምፄ ከተንቀጠቀጠ "አባዬ ታሟል" ብለሽ አገር ምድሩን በስልክ ታስጨንቂያለሽ። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩት። ወንድምሽ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል።

አክስትሽ ሰኞ ማታ ደውላ ነበር። ሁሉንም ነግራኛለች፤ ለምን ተናገርሽ ብለሽ እንዳትቆጫት። እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆመሽ ዓይንሽ ጨለመ። ነጠላሽ መሬት ወድቆ በሁለት ሴቶች ተደግፈሽ ወጣሽ። አክስትሽ ክርስትና ያለበት ቤት ወስዳ ድፎ ዳቦ ስታጎርስሽ ነው ነፍስሽ መለስ ያለችው። አንቺ ደግሞ በማግስቱ ደውለሽ ምን አልሽኝ? "አባዬ፣ አክስቴ በግድ አብልታኝ ሁለት ኪሎ ጨመርኩ" ብለሽ አለቀስሽ። ስለ መውደቅሽ ትንፍሽ አላልሽም።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልበል፤ በኋላ ወሬ ይዞኝ ይሄዳል፣ ታውቂኛለሽ። የግፊት ክኒንሽን ይዘሽ ሐኪምሽ ጋ ሂጂ። "ኬቶ የሚሉትን አመጋገብ ይዤ እንጀራም ዳቦም ትቻለሁ፤ በዘጠኝ ቀን ይህን ያህል ቀንሻለሁ፤ አዙሮኝ ልወድቅ ነበር" በይ። በዚህ ሳምንት ሂጂ። ክኒኑንም በገዛ ራስሽ እንዳታቆሚው።

ቅዳሜ የላክሽልኝ ፎቶ ስልኬ ላይ አለ። የእግርሽ ጥፍሮች ቀይ ቀለም ተቀብተዋል፣ በመካከላቸው 77.2 ይላል። ሲጀመር 81.4 ነበር። በፓውንድ ብልከው አይገባውም ብለሽ ወደ ኪሎ መቀየርሽ ደስ ብሎኛል። "አራት ኪሎ አባዬ! በዘጠኝ ቀን!" ብለሻል ከሥሩ። እኔም ሞኙ ያችን ቀይ ልብ ላኩልሽ። ሰኞ ጠዋት ሚዛኑ 79.3 ሲል ዓለም የተገለበጠብሽ መሰለሽ።

ልጄ፣ እኔ 31 ዓመት የኖርኩት ሚዛን ላይ ነው። ቡና መዝኜ ነው ያሳደግኩሽ። ክብደት በፍጥነት ሲሄድና በፍጥነት ሲመጣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ውኃን ነው።

ያም ሆኖ የሰው ነገር እንደ ቡና ነው ብዬ በድፍረት ከመናገሬ በፊት ፋርማሲስቱን ጠየቅኩት። ያንን አጥራችን ላይ ወጥቶ ክንዱን የሰበረውን ልጅ፤ አሁን የራሱ መድኃኒት ቤት አለው። በመድኃኒት ወረቀት ጀርባ ጻፈልኝ፣ እሱን እያየሁ ነው የምጽፍልሽ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታ ስንበላ ሰውነት ከስኳሩ ከፊሉን ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ያስቀምጣል። ግላይኮጅን ይሉታል። ሁሉ ተደምሮ ግማሽ ኪሎ ገደማ ቢሆን ነው። ግን ብቻውን አይቀመጥም፤ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ታቅፎ ነው የሚቀመጠው። እህሉን ስታቆሚ ሰውነትሽ መጋዘኑን ይከፍታል። ስኳሩ ሲያልቅ ውኃውም ይወጣል። ይኸው ሁለት ኪሎ ሄደ። በዚያ ላይ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን ሲቀንስ ኩላሊት ጨው ይለቃል፤ ጨው በሄደበት ውኃ ይከተላል። ለመሆኑ በዚያ ሳምንት ሌሊት ሌሊት ሽንት ቤት ስንቴ ተመላለስሽ?

ከስብ አልቀነሰም አልልሽም፤ ትንሽ ይቀንሳል። ግን በዘጠኝ ቀን አራት ኪሎ ስብ የትም አይሄድም።

እሑድ ደግሞ ድፎው፣ እንጀራው፣ ጨው የበዛበት ወጥ ገባ። መጋዘኑ ተሞላ፣ ውኃው ተመለሰ። አንድ ኪሎ ስብ 7700 ካሎሪ ገደማ ነው አለኝ ልጁ። በአንድ ድግስ ሁለት ኪሎ ስብ ለመጨመር ከዕለት ምግብሽ ሌላ የአንድ ሳምንት ምግብ በአንድ ማዕድ መብላት ነበረብሽ። አክስትሽ ጉርሻ ታበዛለች፣ አውቃታለሁ። ያን ያህል ግን አታበዛም።

አሁን ወደ ክኒኑ። ያንቺ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው፣ የኔም እሱ ነው፤ ግፊቱን እንዳወረስኩሽ ክኒኑንም አወረስኩሽ። ሥራው ጨውና ውኃ በሽንት ማስወጣት ነው። እንጀራ መተውሽም በበኩሉ ጨውና ውኃ እያስወጣ ነው። አንድ በርሜል ከሁለት በኩል ተከፍቷል ማለት ነው። ታዲያ ቅዳሴ ላይ ቀጥ ብለሽ ስትቆሚ ደሙ ወደ ጭንቅላትሽ ከየት ይምጣ? ራስ ምታቱም፣ ሌሊት ባትሽን የሚይዝሽ ቁርጥማትም ከዚሁ ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔት ላይ "የኬቶ ጉንፋን ነው፣ ጨው በጥብጣችሁ ጠጡ" እያሉ ነው አሉ። ግፊት ለሌለበት ሰው ይሆን ይሆናል። አንቺ ግን በገዛ እጅሽ ጨው እንዳትበጠብጪ። ሐኪሙ ግፊትሽን ተቀምጠሽም ቆመሽም ይለካ፣ ደምሽን አይቶ ክኒኑን ይቀንስ ወይ ይቀይር፤ የሱ ሥራ ነው። እስከዚያው ከአልጋ ስትነሺ ጠርዙ ላይ ትንሽ ተቀምጠሽ ተነሺ። ውኃ ጠጪ። ሙቅ ሻወር ውስጥ ብዙ አትቁሚ።

ኬቶ ራሱ ሲጀመር ሐኪም ይዞት ነው። በፈረንጆቹ 1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለሚጥል በሽታ መድኃኒት ሆኖ ነው የወጣው። ፋርማሲስቱ ነው የነገረኝ። ሐኪም የጀመረውን ነገር አንቺ ከሐኪም ደብቀሽ ታደርጊዋለሽ?

አልቆጣም ብዬ ነበር።

ሚጡዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ለእናትሽም የነገርኳት አምና ነው።

1981 ዓ.ም.፣ ኅዳር። ያኔ ሁለት ዓመትሽ ነበር። የታጠበ ቡና ጭነት ገባ፣ 100 ኩንታል። ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ጥሎ ነበር። መኪኖቹ ተሰልፈዋል፣ ሾፌሮቹ ጥሩምባ ይነፋሉ። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ አልነበረንም፤ በጥርስ ነበር የምንለካው። ገለባውን ልጠን ፍሬዋን በፊት ጥርስ ነከስ እናደርጋለን። የደረቀ ፍሬ እንደ ድንጋይ ይመልሳል። ያልደረቀ የጥርስ ምልክት ይይዛል። ያን ቀን ከሦስት ጆንያ አውጥቼ ነከስኩ። ሦስቱም ምልክት ያዙ። አይቼዋለሁ። እጄ ላይ ይዤ በፋኖስ አይቼዋለሁ። ግን መሽቶ ነበር፤ አንቺም ትኩሳት ይዞሽ እናትሽ ሰው ልካብኛለች። "ደረቅ" ብዬ ፈረምኩና ወደ ቤት ሮጥኩ።

የካቲት ላይ ቡናው ሲወጣ ተመዘነ። 96 ኩንታል።

የቡናውን መጋዘን ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ተጠራ። ስሙን አልጽፈውም፣ ልጆቹ እዚሁ ከተማ አሉ። ኮሚቴ ተቀመጠ። "አራት ኩንታል የት ገባ?" አሉት። "ጌቶቼ፣ የጆንያው ቁጥር ሙሉ ነው። ስፌቱም አልተነካም" አለ። እውነቱን ነበር። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ነበርኩ። ቀና ብሎ አየኝ። ቡናው እርጥብ ነበር። ሦስት ቃል ናት። አልወጣችም። እሷ ብትወጣ የሚባረረው ማን እንደሆነ አውቅ ነበራ።

ሰውዬው ከሥራ ተባረረ። የቡናውንም ዋጋ ክፈል ተባለ፤ ላሙን ሸጠ። ሠፈሩ "ሌባው" እያለ ይጠራው ነበር፤ አንቺም በልጅነትሽ ስትይ ሰምቼሻለሁ። ዝም አልኩ።

አራት ኩንታል 400 ኪሎ ነው። 400 ሊትር ውኃ፣ ሁለት በርሜል። ሦስት ወር ሙሉ ከዚያ ቆርቆሮ ሥር እየበነነ ሲወጣ ማንም አላየውም። የታየው ሚዛኑ ላይ የጎደለው ቁጥር ብቻ ነው።

ሰውዬው ካረፈ ቆይቷል። ሴት ልጁ መናኸሪያው አጠገብ ቡና ታፈላለች። ጠዋት ጠዋት እዚያ ነው የምጠጣው። መልስ አልቀበላትም። ለምን እንደሆነ ጠይቃኝ አታውቅም፣ እኔም አልነገርኳትም።

ከክኒን ተነስቼ የት ደረስኩ! እናትሽ "ልጅቷን ምከራት አልኩህ እንጂ ንስሐ ግባ አልኩህ?" ትለኛለች ይህን ብታይ። ግን "አክስቴ አበላችኝ" ስትይ ያ ኮሚቴ ፊቴ ድቅን አለ። አክስትሽን ዛሬውኑ ደውለሽ ይቅርታ በያት። ባትይዝሽ ኖሮ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ነበር የምትወድቂው።

ሌላም ዕዳ አለብኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ለገና ስትመጪ ቦሌ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ "ውይ ልጄ ወፍረሻል! ተመችቶሻል!" ብዬ ጮህኩ። በኛ ዘመን ይህ ምርቃት ነው። የ77ን ድርቅ ያየ ሰው የልጁ ጉንጭ ሞልቶ ሲያይ እልል ነው የሚያሰኘው። አንቺ ሳቅሽ። ከዚያ ያንን ጥቁር ሹራብ ለበስሽና ሦስት ሳምንት ሙሉ በዲላ ፀሐይ አላወለቅሽውም። "ምነው ልጄ፣ ብርድ አለሽ?" እያልኩ ስጠይቅሽ ነበር። ይሄ አመጋገብ ከቦሌ ጀምሮ እንደሆነ የነገረችኝ አክስትሽ ናት፣ ሰኞ ማታ። አላወቅኩም ልጄ። ይቅር በይኝ።

መቀነስ ከፈለግሽ ቀንሺ። ከእህል መቀነሱ ለግፊቱም ሊጠቅም ይችላል ብሎኛል ልጁ። በዓለ ሃምሳ ጾም የለም ብለሽ ጊዜውን መምረጥሽም ብልህነት ነው፤ በጾም ወራት ሽሮና ምስሩም እህል፣ ሥጋና እንቁላሉም ክልክል ሆኖ ምን ልትበዪ ነበር? ሚዛኑን ግን በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት ውጪበት። የወር አበባሽ ሲቃረብ ውኃ ይይዛል፣ ቁጥሩን አትመኚው። ያቺ አብራሽ የጀመረችው ጓደኛሽም "ጭራሽ ጨመርኩ" ብላ አታልቅስ። ጂም አዲስ ከገባች ጡንቻዋ ውኃ ይይዛል። ደግሞ አይብና ለውዙን "ካርብ የለውም"፣ እንደ እህል ስኳር የለውም ማለቷ ነው፣ እያለች በሳህን ሙሉ ከበላች ስቡ ከየት ይቀንሳል?

ሐኪምሽ ጋ ሂጂ። ክኒኑን ከነብልቃጡ ይዘሽ ሂጂ፣ ስሙን በቃል እነግራለሁ እንዳትይ።

ሌላ፦ የውክልናውን ወረቀት እስካሁን አልላክሽም። የቤቱ ካርታ ጉዳይ በሱ ምክንያት ቆሟል። ፓስፖርትሽን አውጥተሽ መቼ እንደሚያበቃ እዪ፣ ባለፈው ጊዜ ያሳየሽንን አበሳ አልረሳሁም። በሰው የላክንልሽን ሽሮ እንዳትጥዪው፤ ካልበላሽው ለአክስትሽ ስጫት። በርበሬውን ግን አስቀሪ፣ እሱ ካርብ ነው ብለሽ እንዳትከራከሪኝ።

ሐኪሙ ጋ ስትደርሺ ያለሽን በድምፅ ላኪልኝ። ግፊትሽ ስንት እንደሆነ፣ ቆመሽ ስንት እንደሆነ። እኔም እዚህ ፋርማሲስቱ ጋ ሄጄ እለካለሁ፣ እንነጻጸራለን። የእግርሽን ፎቶ አትላኪልኝ።

እናትሽ አጠገቤ ሆና "ጎመን ይፈቀድላታል ወይ ብለህ ጠይቅልኝ" ትላለች። ይፈቀዳል አልኳት። "በቅቤም?" አለች። በቅቤም አልኳት። አሁን ጓሮ ገብታ እየቀጠፈች ነው፤ ለማን እንደሆነ እንጃ።

አባትሽ