የሱባ ደን መንገድ ለብስክሌትም ይታሰብ

ክቡር አዘጋጅ፣

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ በሰሜን ሸዋ ከሚገኘው ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ የጽድ ዘር እንደለማ ይነገርለታል። በደኑ ውስጥ የሚያልፈው የጠጠርና የአፈር መንገድ ጎማው ሰፋ፣ አየሩም ቀነስ ላለ ብስክሌት የተመቸ ሲሆን፣ ያው ብስክሌተኛ በአስፋልቱ ላይ ግን ከሲኖትራክ ጋር እየተጋፋ ለመሄድ ይገደዳል። ስለሆነም የሚመለከተው አካል ቢያንስ እሑድ ጠዋት፣ ከጥበቃ ተሽከርካሪዎች በስተቀር፣ መንገዱን ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛና ለብስክሌት እንዲፈቅድ እጠይቃለሁ።

ደኑ ይጎዳል የሚል ስጋት መነሣቱ አይቀርም፤ እኔም የምጋራው ስጋት ነው። በጭቃ ላይ የሚነዳ ጎማ ቦይ ያበጃል፤ በተራራ ላይ ደግሞ ቦዩን ተከትሎ የሚወርደው የዝናብ ውኃ አፈሩን ጠርጎ ስለሚወስድ፣ በክረምት ወራት ጉዞው ሙሉ በሙሉ ሊቋረጥ ይገባል። በበጋም ቢሆን፣ ከነባሩ መንገድ ወጥቶ በዛፎቹ መካከል አዲስ መተላለፊያ መክፈት (ለወጣቶቹ የሚያጓጓው እርሱ ቢሆንም) በጥብቅ መከልከል አለበት፤ ጉሬዛውና የምኒልክ ድኩላው የቀራቸው መጠለያ ጥቂት ነውና። ከብስክሌተኞች የሚሰበሰበው የመግቢያ ክፍያም በቅድሚያ ለመንገዱ የውኃ ማፋሰሻ ጥገና ቢውል መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከሰበታ